የተበሳችው ሳንቲም

«እናትሽ ስትመጣ እኔን ምን ብለሽ ልትጠሪኝ ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር እትዬ ዘነቡ፣ እጇ በሎሚና በጨው እንደተለወሰ፣ ሲንኩ ላይ ጎንበስ ብላ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም የሎሚ ሽታ ከመዳብ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመጣ ቁጥር ጥያቄው አብሮት ይመጣል።

እትዬ ዘመዳችን አልነበረችም። አባቴ የረጅም መንገድ ትራክ ይነዳ ስለነበር ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ እናቴ የቪዛ ፕሮሰሷ አላልቅ ብሏት አዲስ አበባ ቀርታለች፤ ሶ አባቴ እዚህ ሰው አገር፣ ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማችን አንዱን ክፍል ለእትዬ አከራየና እግረ መንገዷን እኔንም እንድታይ ተስማሙ። እግረ መንገዷን! በቀጥታ ለመናገር፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ስታመም ስኩል ኮል የምታደርግልኝም እሷ ነበረች፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ።

ስኩል ተከፍቶ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከባስ ወርጄ በቀጥታ እሷ የምትሠራበት ላውንደሪ እሄድና በሚሞቁት የልብስ ማድረቂያዎች መሀል ተቀምጬ ሆምወርኬን እሠራ ነበር። እሷ ማሽኖቹን እየገፋች ከሥራቸው ስትጠርግ ፔኒ፣ የመዳብ አንድ ሳንቲም፣ ይወጣል፤ የተጣመመ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ዝገት የበላው። አለቃዋ «ለልጅቷ ውሰጂላት» ስላላት በመሀረብ ቋጥራ ታመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን ከግድግዳው ጥግ ሌላ ዓይነት ወጣች፣ ላባ የደፋ ሰው ራስ ያለባት፣ አናቷ ላይ በምስማር የተበሳች አሮጌ የመዳብ ሳንቲም። እትዬ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ በቀዳዳዋ አየችኝ። «ይቺ የልጅ አንገት ላይ የታሰረች ናት» አለች፤ «እናት ናት የበሳቻት።»

ክረምቱ ገብቶ ከስኩል ስወጣ መጨለም ሲጀምር፣ ሰፈራችን ያለው አሮጌ ሳንቲም የሚገዛ ሱቅ ልንወስዳት ወሰንን። እትዬ ከመሄዳችን በፊት በሎሚና በጨው ፈተገቻት፣ ለበዓል የሚወጣ ዕቃ እስክትመስል። የሱቁ ሽማግሌ ገና ሲያያት ፊቱን አጨማደደ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«አጥባችሁ አበላሻችኋት ይላል። ቡናማ ቆዳዋ ነው አሉ ዋጋዋ።»

«ማጠብ ማበላሸት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ሰው ፊት ቆሻሻ ይዤ ልቅረብ? ንገሪው እንጂ!»

አልነገርኩትም፤ አፍሬ ነበር። ሽማግሌው ግን ደግ ሰው ነው፣ ሰማያዊ የካርቶን ማህደር አወጣና አሳየን፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ክብ ቦታ አለው፣ ሰብሳቢዎች በየቦታው የዓመቱን ሳንቲም ይሰካሉ። ጥሩዋ ውድ ስትሆንባቸው፣ ቦታው ባዶ ከሚታይ ብለው የተበሳችውን ወይም የተፈተገችውን እስከዚያው ያስገባሉ። የተበላሸች ሳንቲም ዋጋዋ ይኸው ነው አለን፣ ጥሩዋ እስክትመጣ ቦታ መያዝ። ማህደሩን ለኔ ሰጠኝና ሳንቲሟን ራሱ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አስገባልኝ።

«እሺ ጥሩዋ ስትመጣስ፣ ይቺ የት ትሄዳለች በይው» አለች እትዬ።

ጠየቅኩት። ባንኮኒው ላይ ያለውን ጣሳ በአገጩ አሳየ፤ ውስጡ የተጣመመ፣ የተፋቀ፣ ማንም እፍኝ ሙሉ በርካሽ የሚወስደው ሳንቲም ነበር። አልተረጎምኩም። አይታዋለች።

ከዚያ በኋላም ፔኒዎቹን ማጠብ አልተወችም፣ «እሱ ቆሻሻ ይወዳል ብዬ ቤቴ ቆሻሻ አላስቀምጥም» እያለች። ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ እንዲህ ስታጥብ ነው፤ የእናቴ ቪዛ ተመታ የተባለ ሰሞን። «አይ ዶንት ኖው» አልኩና ወደ ቴሌቪዥኔ ዞርኩ። እሷም «ኦኬ» ብላ ሳቀች፣ ውሃውን ከፈተችው።

እናቴ በጸደይ መጣች። ኤርፖርት አቅፋኝ ስታለቅስ እኔ በትከሻዋ በኩል እትዬን እፈልግ ነበር፤ ጋሪውን ይዛ ራቅ ብላ ቆማለች። እናቴ ምንም አላጠፋችም። ግን ማታ ራት ሲቀርብ «ምን ትበላለች?» ብላ የጠየቀችው እኔን ሳይሆን እትዬን ነበር፤ ሁለቱም አፈሩ።

በበጋው እትዬ ራቅ ያለ ከተማ፣ ኤቨረት፣ ሥራ አገኘሁ አለች። አባቴ ቅሪ ብሎ ለምኗት ነበር፤ እሷ ግን «ባልና ሚስት ቤት ሰው አይደረብም» ብላ ሁለት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ክፍሉ የኔ ብቻ ሆነ። ብቻዬን ተኝቼ ስለማላውቅ፣ ግድግዳው ማዶ አባቴና እናቴ ሲያወሩ እየሰማሁ፣ ቤቱ ሞልቶ እኔ ግን ብቻዬን እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። ኮል ሳደርግላት ትንሽ አውርታኝ «በይ እናትሽን አገናኚኝ» ትል ነበር፤ እየቆየ እሱም በዓል በዓል ብቻ ሆነ።

ሃይስኩል እያለሁ ሽማግሌው የዚያችን ዓመት ጥሩ ሳንቲም አገኘሁልሽ አለኝ፤ ቡናማ፣ ምንም ያልነካት። የተበሳችውን ገፍቶ ሊያወጣት አውራ ጣቱን ሲያስጠጋ ማህደሬን ነጥቄው ወጣሁ። ታንክስ እንኳ አላልኩትም።

ዘንድሮ ተመረቅኩ። ቤታችን ሰው ጠርተን፣ እትዬ አበባ ይዛ ከኤቨረት መጥታ በሩ አጠገብ ጥጉን ያዘች። አንዲት እንግዳ «ለተመራቂዋ ምኗ ነዎት?» ስትላት ሰማሁ።

«ኧረ እኔ ድሮ ቤታቸው ተከራይ ነበርኩ» አለች።

ያኔ ሁለታችን አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጣብበን ማንም ማንንም ምኔ ነሽ አይልም ነበር፤ አሁን ሳሎኑ ሰፍቶ፣ እሷ ጫማ ማውለቂያው ጋ ተቀምጣለች። ሳህኔን አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሲንኩ ጋ የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ?»

«ምኑን?» አለች፤ ሹካዋ ግን እጇ ላይ ቆመ።

«እናቴን እማዬ ነው የምላት። አንቺን ደግሞ እትዬ። ሌላ ሰው እትዬ ብዬ አላውቅም፣ ወደፊትም አልልም። ተከራይ ነበርኩ ስትዪ ሁለተኛ እንዳልሰማ። አሁን ከዚያ ጥግ ተነሺና እዚህ፣ በኔና በእማዬ መሀል ተቀመጪ።»