በሠልስቱ ቀን የነቀልነው መዥገር

ትናንት ነቀምቴ፣ በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ፣ አንድ ገበሬ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ የተቀባ ጥጃ አመጣ። ሽታው ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ኡኬ፣ ወደ ቤታችን ጓሮ መለሰኝ።

የእናቴ ሠልስት ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለቀስተኛው እንባ የሌላት ልጅ እያለ ያየኛል። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ “ኮቱ፣ ነይ ልጄ” ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ማንጎው ሥር አንዲት የዛፍ ሽኮኮ ተጋድማለች። ጆሮዋን መዥገር ወሮታል።

በነጠላቸው ጠቅልለው አስያዙኝና በወረንጦ ይነቅሉ ጀመር።

“ቀስ ተብሎ ነው። ከተጣደፉ ጭንቅላቱ ቆዳ ውስጥ ይቀራል።”

ቁስሉን በትምባሆ ውኃ ሲጠርጉት እንኳ ሽኮኮዋ አልጮኸችም።

“አያማትም እንዴ?” አልኳቸው።

“ያማታል እንጂ። ደሟ ስላለቀ ነው። ዝምታ ሁሉ ጤና አይደለም፣ ልጄ።”

ስለ ሽኮኮዋ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ወደ ማታ ግድም ተነሥታ ግንዱን እየቧጠጠች ወጣች። አዴ ጫልቱ አለቀሱ። እኔ ግን እጄን ታጥቤ ለቀስተኛው መሀል ተቀመጥኩ።

ትናንት ትምባሆ መርዝ መሆኑን ለገበሬው ነግሬ ጥጃውን በሳሙና አጠብኩለት። ዛሬ እናቴ ከሞተችበት ዕድሜ አልፌአለሁ። እስካሁን አላለቀስኩላትም።