የወንዝና የኮረብታ ስሞች ደብተሬ

በቀይ ሽብሩ ጊዜ ቀራንዮ አካባቢ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ የዓባይን ገባሮች አንድም ሳይስቱ ይጠሩልኝ ነበር፤ በየቀኑ ተሻግረውት የሚመጡት ጅረት ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አላውቅም ነበር። ወላጆቼ የጎጃም ሰዎች ናቸው፤ ኦሮምኛ አልሰማም።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ እዚያው ተወልደው ያረጁ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ደብተር ይዤ ሄድኩ።

«አባባ፣ ላጋ ዲማ ምን ማለት ነው?»

«ላጋ ወንዝ ነው፣ ዲማ ቀይ። ክረምት ሲገባ አፈሩን ጠርጎ ሲወርድ አላየሽም?»

ቱሉ ወራቤሳ የጅብ ኮረብታ ሆነ። እሳቸው እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ከቤቴ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድም ከጎኑ እያሰፈርኩ ደብተሩ ተጋመሰ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሰሳ መጣ። የአብዮት ጥበቃዎቹ ፍራሼን ቀደው፣ መጽሐፎቼን በትነው ደብተሩን አገኙት። አለቃቸው ገለጥ ገለጥ አደረገና «የመሣሪያ መደበቂያ ካርታ ነው» አለ።

ቀበሌ ወሰዱኝ። እጄንና እግሬን አንድ ላይ አስረው፣ ዘንግ አሾልከው ዘቅዝቀው ሰቀሉኝና ውስጥ እግሬን ገረፉኝ።

«ጅቡ ማነው? የማን የሚስጥር ስም ነው?»

«ኮረብታ ነው!»

«ማን ነገረሽ?»

መጀመሪያ «ማንም» አልኩ። ቆዳዬ ሲተለተል ግን የሽማግሌውን ስም ጮኼ ተናገርኩ።

ከዘራቸውን እንደያዙ አመጧቸው። እኔን መሬት ላይ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። አለቃው ከደብተሩ እያነበበ ሲጠይቃቸው ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ረጋ ብለው መለሱ። በመጨረሻ «ኮልፌስ?» አላቸው፣ የጎረቤቱን ሰፈር ስም አንስቶ ሊያጠምዳቸው ፈልጎ።

«ኮልፋ ሳቅ ነው። ከዚያ የመጣ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«በእኔ ላይ ነው የምትስቀው?»

በጠመንጃው ሰደፍ አገጫቸውን መታቸው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ወድቀውም አልተዋቸውም፤ ደረታቸውን በጫማው ረገጠ። ጥርሳቸው ሲሚንቶው ላይ ተበተነ።

ያኔ ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ እግሬን ይዞ ሲያስገርፈኝ የነበረው፣ በቀስታ «ጓድ፣ እውነታቸውን ነው። ሳቅ ማለት ነው» አለ። ቋንቋው የእሱም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ያውቅ ነበር።

አለቃው ደብተሩን ቀዳደደና «ሁለቱንም ከፊቴ ውሰዱልኝ» አለ። ከሰዓት በኋላ ለቀቁን።

መርገጥ ስችል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሚስታቸው አጥሚት በማንኪያ እያጠጧቸው ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ «ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። በእጃቸው ራሴን ነኩኝ፤ የሆነ ነገርም ተናገሩ። አገጫቸው ጠምሞ ስለነበር አልገባኝም። ሚስታቸውን ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው የገባቸው ይመስሉ ነበር፤ ግን አልተረጎሙልኝም።