አንዲት የወተት ጥርስ

የላቦራቶሪው ሰዎች «ሞረዱ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ፣ አጥንትና ጥርስ ሙጫ ውስጥ እያደረቀ፣ ለሁለት እየሰነጠቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ኖሯል። የቀረው የሌዘሩ ሥራ ነው፤ ጨረሩ ናሙናውን ነጥብ በነጥብ ይጭራል፣ ማሽኑም ብናኙ ውስጥ ያለውን ይመዝናል። «እኔ ካላሰማመርኩለት ሌዘር ምን ያውቃል?» ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ። እውነት ለመናገር እጁ ወርቅ ነበር። ችግሩ እሱም ማወቁ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የሞተች ልጇን ጥርስ በመሀረብ ቋጥራ መጣች። ግማሿ የተሸረፈ የወተት ጥርስ፤ ሌላ የላትም። ልጅቱን የገደላት ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው የእርሳስ መርዝ ነው። እናትየዋ እርጉዝ ሳለች ባትሪ ማደሻ ቤት ትሠራ ነበር፤ «ከሆድሽ ነው የመረዝሻት» ብላታለች አማቷ። ከወለደች በኋላ የተከራዩት ቤት ደግሞ ባትሪ ከሚያቀልጡበት ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። የወተት ጥርስ ውስጥ በመወለድ ቀን የሚሰመር ቀጭን መስመር አለ፤ መርዙ ከመስመሩ በፊት ይግባ በኋላ ሌዘሩ ይለያል።

«እኔ ነኝ ወይስ ቤቱ? እሱን ብቻ ንገሩኝ» አለች።

ሞረዱ ሰነጠቃት፤ በተሸረፈው በኩል ያለው ክፋይ ስለማያገለግል በቀረው በኩል አለሰለሳት። በሦስተኛው ወረቀት መስመሩ በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሌዘሩን የምታሠራው ኬሚስት «በቃ፣ ይበቃል፣ አምጣት» አለችው። አንዲት የፀጉር ያህል ጭረት ግን ቀርታለች፤ ጭረት ያለው ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። «አንዴ ብቻ» አለና ወደ ወረቀቱ መለሳት። ቀና አድርጎ ሲያያት መስመሩ የለም፤ ጥርሷ አልቃ ባዶው ሙጫ ያበራል። ሲኳሉ ዓይን ማጥፋት ይሏችኋል ይሄ ነው።

«ሄደህ እውነቱን ንገራት» አለች ኬሚስቷ፣ ፊቷን አዙራ።

ሊነግራትም ወጣ። እናትየዋ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ብድግ ስትል ግን ወኔው ከዳው።

«ጥርሷ ድሮውንም የተበላሸች ነበረች፤ አልሆነም» አላት።

ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ይህች ቃል ታንገበግበዋለች። ጥርሷን ማጥፋቱ የእጅ ስህተት ነው፤ ይህ ግን የልብ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው።

እናትየዋ መሀረቧን አጣጠፈች። «እኔ ነኝ በደንብ ያላስቀመጥኳት። በከንቱ አደከምኩዎት ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለችው።

እሱም ይቅር አላት።