ዋሴን ልክሰስ?

ከአገር የወጣሁበት ሌሊት ዝናብ ባይኖርም የፎገራ ሜዳ ውሃውን ገና አልጨረሰም ነበር። ከቁሐር ሚካኤል እስከ ወረታ እኔ በበቅሎ፣ አባቴ ልጓሙን ይዘው በጭቃው ውስጥ በእግራቸው ሄድን። ኬሚስትሪ የተማረች ሴት የሚቀጥር አጥቼ ስቀመጥ ካርቱም ያለ የዘይት ፋብሪካ «ነይ» ስላለኝ ነው የሄድኩት። ደፋር ትሉኛላችሁ አሉ። ተሳስታችኋል፤ ወረታ ላይ ጭነት መኪና ስሳፈር የአባቴን እጅ አልለቅ ብዬ ነበር።

ካርቱም ጭቃ የለም፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ግን ቀኑ ይጨልማል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ስስ ነው፣ ዓይን የለውም። ነገር ሁሉ በ«ማሌሽ» ያልቃል፤ ይቅርታም፣ አይዞሽም፣ ተይውም ማለት ነው።

ሥራዬ ዘይቱን ከመጭመቂያው ሥር እየቀዳሁ መመርመር ነበር። የማሽኑ ጥርስ ክዳኑ ከተነሣ ሰንብቷል። አንድ ቀን ስቀዳ እጅጌዬን ያዘው፤ የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ተሰባበሩ። ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቶሎ ካልተደረገልኝ ጣቶቼ እንደታጠፉ እንደሚቀሩ ነገረኝ። ፋብሪካው ደግሞ የመጀመሪያው ይበቃል አለ።

«ማሌሽ ልጄ፣ ግራው አለሽ አይደል?» አሉኝ ያከራዩኝ ሴትዮ፣ ሃጃ ዘይነብ። ቀጥለው ተቆጡ። «ይህን ሁሉ ተምረሽ አፍሽን የት ጣልሽው? ሙሃሚ ያዢ እንጂ!»

ሙሃሚ ጠበቃ ነው። ጠበቃ መያዝስ ቀላል ነበር፤ ግን የምከሳቸው ሰው የፋብሪካው ሹም ሰይድ ኢድሪስ፣ ዋሴ ናቸው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዴ የተሰጠኝ በእሳቸው ዋስትና ነው። ዋስ ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባቴ በርስት ሙግት ጊዜ አንድ ሸማኔ ዋስ ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸማኔውን መንገድ ላይ ባዩት ቁጥር ከበቅሎ ይወርዱለታል። የደብተራ ልጅ ለሸማኔ ወረደ ተብሎ ገበያው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ይወርዳሉ።

ስለዚህ ሰይድ ኢድሪስ ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል ሲመጡ፣ እጄ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ከአልጋዬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። አመሰገንኳቸውም።

«አየሽ፣ አንቺ ቂም የለሽም» አሉ ደስ ብሏቸው። «ስለ ኢቃማሽ አታስቢ፣ እኔ አለሁ።»

እኔ አለሁ አሉኝ። ባይኖሩስ?

ከሆስፒታል ወጥቼ የሄድኩባቸው ጠበቃ መነጽራቸው የወፈረ ሽማግሌ ናቸው። ብርቱካኑን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ለምን አመሰገንሽው?»

«ዋሴ ናቸው።»

«ክዳኑ እንዲነሣ ያዘዘውስ?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ?»

«ብከሳቸውና ዋስትናቸውን ቢያነሡስ?»

«እንሟገታለን።»

«እኔ የት ሆኜ?»

መነጽራቸውን ጠረጉ። «ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው።»

ሕጉና እኔ መተማ ድንበር ላይ አብረን ሜዳ ስናድር ታየኝ።

የውክልናውን ወረቀት ሰጡኝ። ቀኝ እጄ ስለማይጽፍ፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው የግራ አውራ ጣቴን ማሳረፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። በር ላይ ኮቴ ስሰማ ፖሊስ ይመስለኛል፤ ፋሻው ሲፈታ ደግሞ ጣቶቼን ማየት እፈራለሁ።

በመጨረሻ ለአባቴ በሾፌር መልእክት ላክሁላቸው፤ በገበያ ቀን ወረታ ስልክ ቤት መጡልኝ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ እናቴ ጠየቅሁ። ከዚያ፣

«አባየ፣ ዋሱን የከሰሰ ሰው ምን ይባላል?» አልኩ።

«ማነው እሱ?»

«አንድ ሰው ነው።»

«ሴት ናት?»

«አዎ።»

«ተጎድታለች?»

«ትንሽ።»

«ክፉ ሰው ነው ዋሷ?»

«አይደሉም። ብርቱካን አምጥተውላታል።»

አባቴ ተነፈሱ፤ ትንፋሻቸው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ጆሮዬ ገባ።

«እንግዲህ እኔ እዚያ መጥቼ ዋስ አልሆናት» አሉ። «ትፈራለች?»

«በጣም፣ አባየ።»

«እኔም ፈራሁላት።»

በዕድሜዬ አባቴ ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ክሰሺም፣ ተይም አላሉኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ስልከኛዋ መሐል ገብታ «ጨረሳችሁ?» ስትል ሁለታችንም በአንድ ጊዜ «አልጨረስንም» አልን፤ ከዚያም መስመሩን ይዘን ቆየን።