ዳገት ላይ የተጠና ሒሳብ

ትናንት የካ ሚካኤል ያለውን የእናቴን ቤት ሳጸዳ፣ እሷ መስኮቱ ሥር ጋቢዋን ለብሳ እንደተቀመጠች፣ ከአልጋዋ ሥር አሮጌ ሸራ ጫማ ወጣ፤ ተረከዙ ባንድ ወገን ተበልቷል፣ ሶሉ ላይ የእንጦጦ ቀይ አፈር ደርቋል። ልጥለው አንስቼ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እማዬ እኔን አርግዛ ትምህርቷን ያቋረጠች፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በጊዜያዊነት የምትሠራ ሴት ነበረች። የማንንም ፋይል ቁጥር በቃሏ ትጠራለች፤ የሒሳብ ደብተር ስትገልጥ ግን የምታውቀውም ይጠፋባት ነበር። ቋሚ ለመሆን ማትሪክ በግል ተፈትና ማለፍ ነበረባት፤ አንዴ በሒሳብ ወድቃለች፣ ዳግም ከወደቀች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብላለች። ልታጠና በተቀመጠች ቁጥር ወይ ሽንኩርት መክተፉ ትዝ ይላታል፣ ወይ የተሰጣው ልብስ።

አንድ እሑድ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ስንወጣ ለጨዋታ ያህል ከጥያቄ ወረቀቷ አንዱን አነበብኩላት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች መለሰችው። ገልብጬ ከጀርባው የተጻፈውን መልስ ሳይ ልክ ነበር፤ ሁለተኛውንም አልሳተችም። ለካ እማዬ የምትፈራው ቁጭ ስትል ነው፤ ዳገት ላይ ለፍርሃት የሚተርፍ ትንፋሽ የላትም። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ ምኑም የማይገባኝ የአሥር ዓመት ልጅ፣ አስተማሪ ሆኜ እጠይቃታለሁ። “ኤክስን ብቻውን ካስቀረሁት…” ስትል የሰሙ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት “ምነው ልጄ፣ ምን ቢበድልሽ ነው?” ብለው ከልባቸው አዝነው ጠየቋት፤ እስከ ቤታችን እየሳቅን ወረድን።

የፈተናው ቀን፣ እንደነገረችኝ፣ ገና ስትቀመጥ ቁጥሮቹ ተደበላለቁባት። ያኔ ጠረጴዛው ሥር እግሮቿን እንደሚራመድ ሰው ማንሳትና ማሳረፍ ጀመረች። ፈታኙ ጠጋ ብሎ “ምነው እህቴ፣ አመመሽ?” ቢላት “አይ፣ ዳገት ላይ ነኝ” አለችው። አለፈች፤ ጡረታ እስክትወጣም እዚያው መዝገብ ቤት ሠራች።

አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏል፤ ከአልጋ ወደ ወንበር የምትሄደው ትከሻዬን ይዛ ነው። እግሯ ደህና ሳለ “እስቲ ራጉኤል እንውጣ” ስትለኝ ሥራ አለብኝ ያልኩባቸው እሑዶች ይቆጩኛል።

ጫማውን እንደያዝኩ “እማዬ፣ ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት፣ አሥራ አምስት ነው” አልኳት። ከጋቢው ሥር እግሮቿ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ያርፉ ጀመር።

“ስድስት” አለች።

ከጀርባው መልስ ያለበት ወረቀት ስላልነበረኝ፣ ልክ መሆኑን በጣቴ ቆጥሬ አረጋገጥኩ። ጫማውንም ወደ አልጋው ሥር መለስኩት።