የአጎት ቤረንት አራት ብሎኖች

አጎት ቤረንት ፈርማክ የበቆሎ ማጨጃ ማሽን ሲጠግኑ አርባ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር ውስጥ ባለው የበረራ ክበባችን ግን የሚታወቁት በሰሌዳው ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የክብረ ወሰን ሰሌዳ እንጨቱን ልገው የሠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ክብረ ወሰን በሰበረ ቁጥር ቀጭን ብሩሽ ይዘው መጥተው ስሙን በነጭ ቀለም የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው። በሃያ ስምንት ዓመት የሁላችንንም ስም ጽፈዋል፤ የራሳቸው ግን የለበትም።

የጥርስ ሐኪሙን የሩዶልፍን ስም ብቻ ሰባት ጊዜ ጽፈዋል። ሩዶልፍ በየሦስት ዓመቱ አዲስ አውሮፕላን የሚገዛ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አልወደውም።

የአጎት ቤረንት አውሮፕላን ከመጀመሪያ ልጃቸው የምትበልጥ አሮጊት ናት። ሞተር የላትም፤ የማንኛችንም የለውም። ጎታች አውሮፕላን ወደ ላይ ይስበንና ይለቀናል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሸከመን ከመሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ነው። እንዲህ ያለችው አሮጊት ከሩዶልፍ አዲስ ጋር እንድትወዳደር ነው የማካካሻ ሕጉ የወጣው። ለእያንዳንዱ ዓይነት አውሮፕላን ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የበረርክበት ፍጥነት በመቶ ተባዝቶ ለዚያ ቁጥር ይካፈላል። የእሳቸው ዘጠና ነው፣ የሩዶልፍ መቶ አሥራ አምስት። ሠንጠረዡ ከክበቡ ማቀዝቀዣ አጠገብ ተለጥፏል። ቢራ ልናወጣ በሄድን ቁጥር እናየዋለን እንጂ አናነበውም።

ያን ዓመት ሐኪማቸው ልባቸውን አዳምጦ፣ ከታኅሣሥ በኋላ ለበረራ ፈቃድ እንደማይፈርምላቸው ነገራቸው። የቀሯቸው ጥቂት ቅዳሜዎች ነበሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሦስት መቶ ኪሎ ሜትሩ በረራ የሩዶልፍን የዘጠና አራት ነጥብ ስምንት ውጤት በልጦ ስማቸውን እዚያ ሰሌዳ ላይ ማየት።

ታዛቢያቸው እኔ፣ ቴውንስ፣ ነበርኩ። ታዛቢ ማለት ከመነሳታቸው በፊት አውሮፕላኑን መርምሮ ቅጹን ሞልቶ የሚፈርም ሰው ነው። ሊሞክሩ በተነሱበት ቅዳሜ ጠዋት ከነፓራሹታቸው መዘንኳቸው። የውኃ ጋኖቹ ባዶ መሆናቸውን እጄን ከትቼ አየሁ፤ ውኃ መጫን ቁጥሩን ይለውጣልና። የበረራውን መንገድና ሰዓት የሚመዘግበውን መሣሪያ አሸግኩ። ቅጹ ላይ «ከመደበኛው የተለወጠ ነገር» የሚል መስመር አለ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁልጊዜ የምጽፈው እሱን ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት አጎት ቤረንት ቀስ ብለው ሲዞሩ አውሮፕላኗ ከድታቸው በቆሎ ማሳ ውስጥ ከመከስከስ ለጥቂት ተርፋ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ስትዞር ደግማ እንዳትከዳቸው ብለው፣ ከአንድ ጀርመናዊ እንግዳ ሁለት የጫፍ ክንፎች ገዙ፤ በትልልቆቹ ክንፎች ጫፍ ላይ ወደ ላይ የሚቆሙ፣ ክንድ የማይሞሉ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዳቸው በሁለት ብሎን ይታሰራሉ። በየቅዳሜው አያቸዋለሁ፣ አቧራቸውን እንኳ የጠረግኩባቸው ቀናት አሉ። ዓይኔ ለምዷቸው መኖራቸውን ረሳሁ።

በተነሱ በሦስት ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃቸው ተመለሱ። ከወንበራቸው መነሳት አቅቷቸው እኔና ሩዶልፍ ብብታቸውን ይዘን አወጣናቸው። ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆመን አሰላን፤ ፍጥነታቸው፣ ሰማንያ ስድስት ነጥብ አራት፣ በመቶ ተባዝቶ ለዘጠና ሲካፈል ዘጠና ስድስት መጣ። ሩዶልፍ ራሱ ቢራ ከፈተላቸው።

«አጎት ቤረንት፣ የራስን ስም መጻፍ ነውር ነው። ብሩሹን ለእኔ ይስጡኝ» አላቸው።

«አንተ ከጻፍከውማ ለማስነበብ መድኃኒት ቤት መሄዴ ነው» አሉት።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ በማስመሪያ አስምረው ስማቸውን በእርሳስ ስስ አድርገው ጻፉት። ቀለሙ የሚቀባው ከክብረ ወሰን ኮሚቴው ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

ደብዳቤው የመጣው በጥር መጨረሻ ነው፤ የበረራ ፈቃዳቸው አልቆ ነበር። ሕጉ የአውሮፕላኑ ፎቶ እንዲላክ ያዛል፤ ፎቶውን ያነሳሁትም የላክሁትም እኔ ነኝ። የጫፍ ክንፎቹ ወለል ብለው ይታያሉ። ሠንጠረዡ ግርጌ በደቃቃ ፊደል፣ የጫፍ ክንፍ ላለው ሁለት ቁጥር እንደሚጨመር ተጽፏል። ለዘጠና ሁለት ሲካፈል ዘጠና ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። አልበለጡም።

ደብዳቤውን ራሴ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ቋንጣ እየቆረጡ ነበር፤ ቢላውን አስቀምጠው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አራት ብሎን» አሉ። «አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር እኮ፣ ቴውንስ።»

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የዚያን ቀን ጠዋት ክንፎቹን ቅጹ ላይ ብጽፋቸው ኖሮ ያኔውኑ ይፈቷቸው ነበር አልኳቸው። አላስተባበሉኝም። ይግባኝ እንበል አልኩ።

«ምን ብዬ? ሕጉ የወጣው እንደኔ ላለው ሰው ነው» አሉና ቋንጣቸውን መቁረጥ ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጋቢት ሩዶልፍ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ። የእሱን ደብዳቤ ኮሚቴው ቶሎ ላከው። ብሩሹን ሌላ ሰው ይያዝ ብለን ተነጋግረን ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አጎት ቤረንት እንደ ወትሯቸው ቀለማቸውን ይዘው መጡ። በእርሳስ የጻፉትን ስማቸውን በላጲስ አጠፉ። መስመሩን አላጠፉትም፤ የሩዶልፍን ስም እዚያው ላይ፣ ለስምንተኛ ጊዜ ጻፉት። ሲጨርሱ ከመሰላሉ ወርደው ወደ እኔ ዞሩ።

«ና አንብብልኝ፣ ስህተት እንዳይኖርበት» አሉኝ። «ዛሬ እንኳ ልብ ብለህ እይ።»

ቀርቤ እያንዳንዱን ፊደል አየሁ። ስህተት የለበትም አልኳቸው።