አክስቴ በእጇ የተናገረችው

አክስቴ አፍ ከመፍታቷ በፊት እጅ ፈታች። አያቶቼ ሁለቱም መስማት የማይችሉ ነበሩና በዚያ ቤት ወሬውም ቁጣውም ቀልዱም በእጅ ነበር። ጎረቤቶች ሕፃኗ ዲዳ መስላቸው ሲያዝኑላት፣ እሷ ፊታቸው ቆማ በእጇ ታማቸው ነበር። ይህን ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችኝ።

ስታድግ ልብስ ሰፊ ሆነች። ሱቋ ከአንድ ሰፊ ቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም። ሁለት የስፌት ማሽኖች፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጭንቅላት የሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት፣ በቃ። በአንደኛው ማሽን እኔ እሠራለሁ። ኮት ላይ እሷን የሚያክል የለም፤ ገበር ስታገባ መርፌው በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አይታይም። እሑድ እሑድ ግን መርፌዋን ሰክታ ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ከሰባኪው ጎን ትቆማለች። ፊት ለፊቷ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ መስማት የማይችሉ አሥራ አንድ ሰዎች ይቀመጣሉ። ሰባኪው በአፉ የሚለውን እሷ በእጇ ትነግራቸዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቆማለች። ለምን አላገባሽም ስትባል፣ "አሥራ አንዱ መቼ ፋታ ሰጡኝ!" ትላለች።

ነገሩ የመጣው ሰባኪው መሲሑ ማን እንደሆነ ማስተማር ሲጀምር ነው። "ፍጹም አምላክ ነው፤ ፍጹም ሰው ነው፤ እሱም አንድ ነው" አለ። አክስቴ በምልክት ቋንቋ መማሪያ መጽሐፉ እንዳለው ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንሥታ "አምላክ" አለች፤ ቀጥላም እጇን አውርዳ ደረቷ ላይ አሳርፋ "ሰው" አለች።

በማግስቱ ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ሶፋ ሠሪው፣ ሱቃችን መጣ። ሲሠራ ምስማሩን በከንፈሩ ስለሚይዝ "እኔ ዝም የምለው አፌ ሥራ ላይ ሆኖ ነው" ብሎ መቀለድ ይወዳል። የዚያን ቀን ግን አልቀለደም። ገና በሩ ላይ ሳለ እጆቹ ተነሡ፤ የሚሉትን እኔም አነባለሁ።

"ትናንት እጅሽ ባዶውን ነው የወረደው" አላት። "ሰው ሲሆን አምላክነቱን የት ጥሎት መጣ?"

"ኧረ አልጣለውም፣ ጋሼ!"

"እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ላይ ሳለ አምላክ ነበር። ታች ሲደርስ ሰው ብቻ ሆነ።"

አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ እጅጌ እየገጠመች፣ ካውያ እያጋለች ስታስብ ሰነበተች፤ በመሃል የሰው ሱሪ አቃጥላለች። ዓርብ ዕለት ድንገት ማሽኑን አቆመችና ወደ እኔ ዞረች። ቀኝ እጇ "አምላክ" አለ። በዚያችው ቅጽበት ግራ እጇ "ሰው" አለ። ሁለቱም ከአንድ ፊቷ ፊት ለፊት፣ በአንድ እንቅስቃሴ፤ ሳይቀዳደሙ፣ ሳይሸፋፈኑ፣ ሳይለያዩ።

"አየሽ፣ አፍ አንዱን ሲል ሌላውን ማቆየቱ ነው" አለችኝ። "እጅ ግን ሁለቱንም ባንዴ ይላል።"

ሰባኪው ለካ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ለአዲስ ኮት ሊለካ ጨርቁን ይዞ ነው የመጣው።

"እስቲ ድገሚልኝ፣ እትዬ" አላት።

ደገመችለት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እኔ ስንት ዓመት በቃል የደከምኩበትን!" አለ። "በዚሁ ቀጥይ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቢያነሣው እኔ አለሁ።"

"መምህር፣ ኋላ ብቻዬን እንዳያስቀሩኝ" አለችው፣ ሜትሯን ትከሻው ላይ እየዘረጋች።

"አለሁ አልኩሽ እኮ።"

እሑድ ዕለት እጆቿ እንደዚያ ሲናገሩ አሥራ አንዱም ምልክቱን እንደ አሜን መለሱላት። ሶፋ ሠሪው ሁለት ጊዜ ነው የመለሰው። ከኋላ የተቀመጡት የጉባኤው አባላት ግን ተንሾካሾኩ። ረቡዕ ተጠራች። ግማሾቹ "ሁለት እጅ ማለት ሁለት መሲሕ ማለት ነው፤ ከፈለችው" አሉ። ግማሾቹ "ባንዴ በማለቷ ደባለቀችው" አሉ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች በእሷ ላይ ተስማሙ።

"አልከፈልኩም፤ አልደባለቅሁም" አለች አክስቴ። "መምህርም አይተውታል። ቀጥይ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።"

ሰብሳቢው ወደ ሰባኪው ዞረ። ሰባኪው በዚያ ወር ዋና ሰባኪ ሆኖ እንዲሾም ስሙ ለዚሁ ጉባኤ ቀርቦ ነበር። እስክሪብቶውን ከፈተ፤ መልሶ ከደነው።

"እኔ ኮት ልለካ ነው የሄድኩት" አለ። "ሌላ የማውቀው ነገር የለም።"

አክስቴ ከአስተርጓሚነቷ ተነሣች። በእሷ ፋንታ የታተመ ወረቀት ይታደላቸው ተባለ። ከአሥራ አንዱ ማንበብ የሚችሉት አራቱ ብቻ ናቸው።

"እኔ እኮ ነበርኩ!" አልኳት በንዴት። "ሄጄ ልመስክር።"

"ለማን ነው የምትመሰክሪው? መምህር እንደሆኑ ያውቁታል።"

ከዚያ ወዲያ የሰባኪውን ኮት መስፋት አቆመች። ኮቱ በአንድ እጅጌው አሻንጉሊቱ ላይ ቀረ። ሶፋ ሠሪው ሊጠይቃት ሲመጣ ኮቱን አየና በእጁ "አውርደሽ ወርውሪው" አላት።

"ጨርቁ ምን አደረገ?" አለችው። ቀጥላ፣ እጆቿ እየከበዷት፣ "ጋሼ፣ መጸለይ አቃተኝ" አለች።

"ምነው?"

"መሲሑ ወዳጁ እንደሚክደው አስቀድሞ ያውቅ ነበር። አምላክ ነዋ! እኔ ግን አላወቅሁም። ሰባኪውን ትከሻው ላይ እጄን ጭኜ እየለካሁት አመንኩት። አስቀድሞ ያወቀ ሰው ምኑን ተካደ ይባላል? የኔን ሕመም በምን ያውቀዋል?"

ሶፋ ሠሪው ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ባለቤቴ እንደማትተርፍ ሐኪሙ ከመሞቷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነግሮኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ማወቄ ለቅሶዬን የቀነሰልኝ ይመስልሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ነው የሞተችብኝ። እሱም አምላክ ነውና አወቀ፤ ሰው ነውና አመመው። ያወቀውም የታመመውም ያው አንዱ እሱ ነው። ደግሞ እያወቀ የከሃዲውን እግር አጠበ።"

"እኔ የማንንም እግር አላጥብም!"

"ማን እጠቢ አለሽ? እኔ ስለ እሱ ነው የማወራው።"

በሳምንቱ ኮቱን ጨርሳ ነበር። ሰባኪው መጣና ለበሰው፤ ልክ ሆነለት። ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ "እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ" አለ።

"ዋሽተሃል" አለችው። ከዚያ በፊት "አንተ" ብላው አታውቅም።

የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። "አዎ" አለ። "እሑድ ሹመቴ ይጸድቃል። እንዳለቀ እዚያው መድረክ ላይ ሆኜ እውነቱን እናገራለሁ። ፈጣሪ ምስክሬ ነው።"

"አትናገርም።"

"እናገራለሁ አልኩሽ!"

"እሺ" አለችና የኮቱን ጫፍ ከያዙት ስፒሎች አንድ የቀረውን ነቀለችለት።

እሑድ ከአሥራ አንዱ መካከል ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። ወረቀቱ ታደለ። ሰባኪው በአዲሱ ኮት ቆሞ ሹመቱ ጸደቀ፤ ከዚያም ማስተማር ጀመረ። "ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው" የሚለው ላይ ሲደርስ አሥሩ ቃሉን ከከንፈሩ ለይተው ወረቀታቸውን ትተው ወደ አክስቴ ዞሩ፤ ሶፋ ሠሪው በክርኑ ጎሸማት። እጆቿን ከጉልበቷ ጥቂት ከፍ አድርጋ ተናገረች። ሰባኪው አያት። ድምፁ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ገጹን ገልጦ ትምህርቱን ቀጠለ።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድን። ሱቁን ከፍተን ስንገባ አላስችል አለኝ።

"አትናገርም ብለሽው አልነበር? አውቀሽ ነበር እኮ።"

"አውቄ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አመመኝ" አለች፤ እንባዋ ወረደ።

አክስቴ ስትጸልይ እንኳ በእጇ ነው። ጫማዋን አውልቃ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ተንበረከከች። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ክርኖቿ ሲንቀሳቀሱ ይታየኛል፤ የምትለውን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ጀርባዋን ነበር የሰጠችኝ።